የጓሯችን ምንጣሮ

ባለፈው ዓመት በዚህ መጽሔት የወጡትን ጽሑፎች ስመለከት፥ አብዛኞቹ ስለ አገር ዕድገት፥ ስለ ዕውቀት ጥቅምና ስለ መልካም ጠባይ የተጻፉ ናቸው። እኔ ይህን የመሰለውን ከባድ ጉዳይ ለሚችሉት ትቼ፥ በ2016 ዓ.ም. ክረምት ከቤታችን ጀርባ ያለውን ጠፍ መሬት አትክልት ልተክልበት ብዬ ስመነጥር የደረሰውን ለመጻፍ ተነሣሁ። ነገሩ የአንድ ጓሮ ነገር ነው፤ ስፋቱም በኔ ርምጃ 22 በ14 ብቻ ነበር። ቢሆንም በዚያች ቦታ የተነሣ አያቴን አስቀይሜአለሁ፥ ከአባቴም ጋር ተከራክሬአለሁና ለኔ ትንሽ አልነበረችም።

ቤታችን የአያቴ ቤት ነው። የሚገኘውም ከደብረ ብርሃን ከተማ ዳር፥ ወደ በሬሳ ወንዝ በሚያወርደው በኩል ነው። እኔ ሕፃን ሳለሁ በጓሮው የከብት በረት ነበረ ይባላል፤ ላሞቹ ከተሸጡ ወዲህ ግን ወደዚያ የሚሄድ ሰው አልነበረም። ከአጥሩ ሥር እንዶድ በቅሎ የበረቱን አሮጌ ምሰሶ ጠምጥሞ ይዞታል፤ ከመካከል ሳማው እስከ ወገቤ ደርሷል፤ በሳማው መካከል አስተናግሩ ነጭ አበባውን እንደ መለከት ከፍቶ ቆሟል፤ በመንገዱ በኩል ያለው ክፍል ደግሞ ሰርዶ ብቻ ተነጥፎበታል። መንገደኛውም ጎረቤቱም ያሻውን ሲወረውርበት ስለ ኖረ፥ ኋላ ስቈፍር ከመሬት ያወጣሁት አሮጌ ጫማ ብቻ 7 ነበር። አንዱም ከሌላው ጋር ጥንድ አልነበረም።

ይህን አሳብ ያመጣብኝ እናቴ ናት ማለት እችላለሁ። እናቴ ጉልት ትቸረችራለች። ጎመን፥ ቆስጣና ቀይ ሥር ከሌላ ሰው ገዝታ፥ አስራ፥ ጥቂት ጨምራ ትሸጣለች። ማታ ማታ ሒሳቧን ስሠራላት የሚተርፋት ገንዘብ እጅግ ጥቂት መሆኑን አየሁና «ጎመኑ ከራሳችን ጓሮ ቢመጣ ምን ይሆናል?» ብዬ ጠየቅሁ። እናቴ ሣቀች። አባቴ ግን አልሣቀም፤ ለዚያ ቦታ ሌላ አሳብ ነበረውና።

የአባቴ አሳብ እንዲህ ነበር፤ ከጓሮው ላይ ሁለት ክፍል ሠርቶ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወይም ለፋብሪካ ሠራተኛ ማከራየት። ለቆርቆሮውና ለእንጨቱ የሚሆነውን ገንዘብ እስከ ጥር ድረስ አጠራቅማለሁ ብሎ ነበር። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለ ሆነ ብዙውን ጊዜ ከቤት አይገኝም፤ ሲገኝም ነገር አያበዛም። «እስከ ጥር ሥራበት። በጥር ግንበኛ አመጣለሁ። ያን ጊዜ ጎመኔ ብለህ እንዳታለቅስ» አለኝ። እኔም በደስታ ተስማማሁ። ከስድስት ወር በኋላ ያለ ነገር ያን ጊዜ እጅግ ሩቅ ይመስለኝ ነበር።

አያቴን ማንም አልጠየቃቸውም። አባቴም አልጠየቃቸው፥ እኔም አልጠየቅኋቸው። ቦታው የርሳቸው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን ሽማግሌ ሰው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሲኖር ያለው ነገር ሁሉ የቤተሰቡ ይመስላል።

ትምህርት ቤት እንደ ተዘጋ ከጎረቤት ማጭድና ዶማ ተውሼ ሥራ ጀመርሁ። ጓንት ስላልነበረኝ ሁለት ካልሲ ደራርቤ እጄ ላይ አጠለቅሁ። ሳማ ካልሲ እንደማይፈራ የተረዳሁት ወዲያው ነው። በመጀመሪያው ቀን ክንዴ እስከ ክርኔ ድረስ ቍንጫ እንደ በላው ሆኖ ዋለ፤ ሌሊቱንም ሳክክ አደርሁ። ታናሽ እኅቴ «ጎመን ከጉልት መግዛት አይሻልም ነበር?» እያለች ታሾፍብኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ረዥም ሱሪ ለብሼ፥ ሱሪዬን ካልሲ ውስጥ ከትቼ፥ ሳማውን ከሥሩ እያጨድሁ አንድ ጥግ ከመርሁት። አስተናግሩን ግን መርዝ መሆኑን ስለማውቅ ሕፃናት ፍሬውን እንዳያነሡት በጥንቃቄ ነቅዬ ከጉድጓድ ቀበርሁት።

ሐምሌ 7 ቀን የሥላሴ በዓል ነበረ። አያቴ ማልደው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ አባቴ መንገድ ላይ ነበረ፤ እናቴም ከአያቴ ጋር ሄዳለች። በበዓል ቀን ዶማ ማንሣት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ አላሠራኝ ብሎ ነበርና ያን ዕለት ፀሐይ ስትወጣ ልቤ አላስቀምጥ አለኝ። «ዶማ አላነሣም፤ መጥረቢያ ግን ዶማ አይደለም» ብዬ ራሴን አታልዬ ወደ እንዶዱ ሄድሁ።

እንዶዱ ጥጉን በሙሉ ሸፍኖ ፀሐይ ከልክሎ ነበር። ግንዱ እንደ ክንዴ ይወፍራል። ከሥሩ ቈረጥሁትና ሐረጉን ከምሰሶው ላይ እየጐተትሁ ሳወርደው፥ የበሰበሰው ምሰሶም አብሮ ወደቀ። በሥራዬ ደስ አለኝ። ቦታው ተገለጠ፤ እስከ ጎረቤት አጥር ድረስ ታየ። እንዲያውም እኅቴን ጠርቼ አሳየኋት። እርስዋ ግን ዐይኗን አፍጥጣ «እማማ ያውቃሉ?» አለችኝ።

አያቴ ሲመለሱ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ ወደ ጓሮ መጡ። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ብዙ ጊዜ ቆሙ።

«እንዶዴን ቈረጥኸው?» አሉ።

«እማማ፥ አረም መስሎኝ ነው» አልሁ።

ይህ ውሸት ነበር። እንዶድ መሆኑን አውቄአለሁ፤ ስሙንም ቅጠሉንም አውቃለሁ። ያላወቅሁት የሰው መሆኑን ነው። በጓሮአችን የበቀለ፥ ማንም ውሃ ሲያጠጣው ያላየሁት ነገር ባለቤት ይኖረዋል ብዬ አላሰብሁም። አያቴም ውሸቴን ያወቁት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም አልተቈጡም። ጐንበስ ብለው ከወደቀው ሐረግ ላይ ያልበሰለውን አረንጓዴ ፍሬ ከዘለላው እየለቀሙ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ። ልረዳቸው ብጠጋ እጃቸውን አወዛወዙልኝ። በሐምሌ ፀሐይ ስለማይገኝ ፍሬውን በሰፌድ አድርገው ከምድጃው አጠገብ አሰጡት፤ እኔም ምግቤን በበላሁ ቍጥር ያ ሰፌድ ፊት ለፊቴ ነበረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አያቴ ለኔ ነገር መናገር ተዉ። «ብላ»፥ «ተኛ»፥ «በሩን ዝጋ» ከማለት በቀር ሌላ የለም። ምክንያቱን የነገረችኝ እኅቴ ናት። አያቴ እንዶዱን የተከሉት ለዚህ ቤት ሙሽራ ሆነው በመጡበት ዘመን ነው። የሟቹን አያቴን ጋቢ፥ የራሳቸውንም ኩታ የሚያጥቡት በርሱ ብቻ ነው፤ የዱቄት ሳሙና ፈትል ያሳሳል ይላሉ። ጋቢው አሁንም ሳጥን ውስጥ አለ፤ በየዓመቱ ለጥምቀት ይወጣል፥ ይታጠባል፥ ይታጠፋል፥ ይመለሳል። የሚለብሰው የለም።

በዚያው ሰሞን የሥነ ሕይወት መምህራችንን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። የእጄን ቍስል አይተው ስለ ጠየቁኝ የደረሰውን ሁሉ ነገርኋቸው። መምህራችን እንደምታውቁት አንድ ነገር ሲጠየቁ መልሱን ከሥሩ ነው የሚጀምሩት። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በዐድዋ ከአንድ ወንዝ ዳር ሆነው ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ እንዳዩ፥ የእንዶዱ አረፋ በሚወርድበት በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን እንዳስተዋሉ፥ እነዚህም ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያዛምቱት መሆናቸውን፥ ከዚህም ተነሥተው የብዙ ዓመት ምርምር እንዳደረጉ አጫወቱኝ። በ1989 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት በዚሁ በእንዶድ ነው። ይህን ሁሉ በጥሞና ሰማሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ከጸጸት በቀር ምንም አልጨመረልኝም። መምህራችንም ፊቴን አይተው ይሁን አላውቅም፥ ሲለዩኝ «ሥሩን ካልነቀልኸው ተስፋ አለው፤ እንዶድ በቀላሉ አይሞትም» አሉኝ። ሥሩን አልነቀልሁትም ነበር፤ ለመንቀል አቅም አጥቼ እንጂ አዝኜለት አልነበረም።

መምህራችን የነገሩኝ ሌላ ነገር ደግሞ የሥራዬን አካሄድ በሙሉ ለወጠው። እኔ መደቦቼን ላወጣ ያሰብሁት በመንገዱ በኩል፥ ሰርዶ ብቻ ባለበት ቦታ ነበር። ምክንያቱም ንጹሕ ይመስል ነበር፤ ሳማና ቍጥቋጦ የለበትም። መምህራችን ግን «ሳማ በርትቶ የሚበቅለው አፈሩ ናይትሮጂን በበዛበት ነው፤ ክፉ የመሰለህ ቦታ ደጉ ነው» አሉኝ። ወደ ቤት ተመልሼ የበረቱ ወለል የት እንደ ነበረ እናቴን ብጠይቃት፥ ልክ ሳማው የነበረበትን ስፍራ አሳየችኝ። የአያቴ ላሞች ፍግ ለብዙ ዓመታት የወደቀው እዚያ ነው። በአካፋ ብቈፍረው እንደ ቡና አተላ የጠቈረና የላላ አፈር ወጣ።

በሰርዶው በኩል ያለው ቦታ ግን እስኪበቃኝ አሠቃየኝ። ሥራ ከጀመርሁ ላልተው ብዬ በዶማ ከታተፍሁት። ሰርዶ ሲከተፍ እንደሚባዛ ማን ነገረኝ! ከምድር ሥር የሚሄደው ነጭ ሥሩ በየአንጓው ያቈጠቍጣል፤ አንዱን ዐሥር ቦታ የቈረጠ ሰው ዐሥር ሰርዶ ተከለ ማለት ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የቈፈርሁት ቦታ ካልቈፈርሁት ይልቅ ለምለም ሆነ። አህያዪቱ «እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል» ብላ የተረገመችው ተረት ሆኖ ቀረ እንጂ፥ ምኞቷ ቢሰምር ኖሮ እኔ በተገላገልሁ ነበር። ቀጥሎ በእጄ እየለቀምሁ በተርታ ከመርሁት፤ ይደርቃል ብዬ። በሐምሌ ምን ይደርቃል? ክምሩ ራሱ በቀለ።

አያቴ ዝምታቸውን የሰበሩት በዚህ ነገር ነው። አንድ ቀን ከበሩ ቆመው ክምሬን አዩና «አንተ ልጅ፥ ይህን ልታረባው ነው?» አሉ። የሣቁም መሰለኝ። ከዚያም ከደረቅ ሥፍራ፥ ከቆርቆሮ ላይ ካልሆነ እንደማይሞት ነገሩኝና አሮጌውን የዶሮ ቤት ጣራ አሳዩኝ። በአባታቸው አገር እንዲህ ያለውን ገላ መሬት በበጋ ቈርሰው፥ ከምረው፥ በመካከሉ ኩበት አስገብተው ያቃጥሉት እንደ ነበር፥ ይህንንም ጓይ እንደሚሉት አጫወቱኝ። በጓይ መሬት በመጀመሪያው ዓመት የሚዘራው ገብስ እጅግ ያማረ ይሆናል፤ «ከዚያ በኋላ ግን መሬቱ ይደክማል፤ ልጅ በዱላ እንደ ማሠራት ነው» አሉ። መምህራችንን ኋላ ብጠይቃቸው እሳቱ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ብስባሽ ስለሚበላው ነው ብለውኛል።

ለመደቡ የሚሆን ፍግ ፍለጋ ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነበረው። በኛ አገር የከብት እበት የሚጋገረው ለኩበት ነው፤ ኩበቱም ይነድዳል፥ ይሸጣል። ጎረቤታችንን «ጋሼ፥ እበት ይሰጡኛል?» ብላቸው «ብር ስጠኝ እንደ ማለት ነው እኮ» አሉኝ። ትክክል ናቸው። እርሻውም ምድጃውም የሚሻው ያንኑ እበት ነው፤ ምድጃው ደግሞ ዛሬውኑ ካልነደደ ራት የለም። በመጨረሻ ልጃቸውን በሳምንት ሁለት ቀን ሒሳብ ላስጠናላቸው ተስማምተን፥ በለውጡ አራት ጆንያ የበግ በጠጥ ሰጡኝ። ልጁ በሒሳብ አሁንም ደካማ ነው፤ በጠጡ ግን ጥሩ ነበር።

መደብ አወጣጡን በሚመለከት አጥፍቼ ነው የተማርሁት። መሬታችን መረሬ ስለ ሆነ ውሃ አያሰርግም። የመጀመሪያዎቹን የጎመንና የጥቅል ጎመን ችግኞች ያለ ቦይ፥ ከመሬቱ እኩል አድርጌ ተከልኋቸው። በሐምሌ መጨረሻ አራት ቀን የጣለው ዝናብ ተኝቶባቸው ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ፤ ግማሾቹም ሥራቸው በስብሶ ሞቱ። ከዚያ በኋላ በመደቦቹ መካከል ቦይ ቈፍሬ፥ አፈሩን ስንዝር ተኩል ከፍ አደረግሁት። አፈሩን የምናጓጕዘው በባሬላ ነበር፤ አንደኛውን ጫፍ እኔ፥ ሌላውን እኅቴ ይዘን። እኅቴም ከዚያ ወዲህ «ጎመኔ» ማለት ጀመረች።

በፍልሰታ ጾም አንድ ቀን አያቴ ሰፌድ ይዘው ወደ ጓሮ መጡና፥ ካጨድሁት በኋላ መልሶ ካቈጠቈጠው ሳማ ለጋ ለጋውን ብቻ ቀንጥሼ እንዳመጣላቸው አዘዙኝ። ቀቅለው፥ በገብስ ዱቄት አማስለው፥ ጨውና ቃሪያ ጨምረው አቀረቡት። እኅቴ አልቀምስም አለች። እኔ ስላሳዘንኋቸው እምቢ ማለት አልተቻለኝም፤ በፍርሃት ቀመስሁት። ሳማ ከተቀቀለ በኋላ አይለበልብም፤ ቆስጣ ቆስጣ ይላል። አያቴ እየበሉ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ይህን ሳማ ለልጆቻቸው ያበሉ እንደ ነበር ነገሩን። ከነዚያ ልጆች አንዱ አባቴ ነው። አባቴ ያን ዕለት ከመንገድ ተመልሶ አብሮን ተቀምጦ ነበር፤ ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበና አንድም ቃል ሳይናገር ጨረሰው።

ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ እናቴ ከጓሯችን የተቈረጠ ጎመን ጉልት ላይ መሸጥ ጀመረች። ድንቹን ግን ዘግይቼ፥ ሐምሌ 20 ቀን ነበር የተከልሁት። አጎቴ ይህን መጽሔት በቆላ አገር ሆኖ ስለሚያነብ ልንገረው፤ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለ ሆነች ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። በኅዳር የመጀመሪያ ሳምንት አንድ ጧት ተነሥቼ ወደ ጓሮ ብወጣ፥ ማታ አረንጓዴ የነበረው የድንች ቅጠል የፈላ ውሃ እንደ ተደፋበት ጠቍሮ ተኝቷል። ብንቈፍረው ከዶሮ እንቍላል የሚበልጥ ጥቂት ነበር። ጎመኑ ግን ነጭ ዐመዳይ ለብሶ ቆሞ፥ ፀሐይ ሲያገኘው ቀና አለ። እናቴ ከውርጩ በኋላ ጣፈጠ ብላ ለገዢዎቿ ትናገር ነበር፤ የነጋዴ ወሬ መስሎኝ ስቀምሰው እውነት ሆኖ አገኘሁት።

ሒሳቡን በደብተር ይዣለሁ። ለዘርና ለችግኝ 260 ብር አወጣሁ፤ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ከሽያጭ የገባው 1,840 ብር ነው። እኛ የበላነው አልተቈጠረም። ደብተሩን ለአባቴ አሳየሁት። አገላብጦ አየና «ጥሩ ነው። አንድ ክፍል ግን ይህን በአንድ ወር ያመጣል» አለኝ። ተከራከርሁት፤ ጎመን ቆርቆሮ አይፈልግም፥ ተከራይ አይጠፋበትም፥ አልሁት። ነገር ግን ቍጥሩ የርሱ ነበረ፤ ማታ ብቻዬን ደምሬ ቀንሼ ባየውም ያው ነው። የእኅቴ የትምህርት ቤት ወጪ ከምን እንደሚከፈል አውቃለሁና ብዙ አልገፋሁበትም።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ አባቴ ግንበኛውን ይዞ መጣ። ሲባጎና ችካል ይዘው ወደ ጓሮ ገቡ። እኔ ከበሩ ቆምሁ፤ አላለቅስም ብዬ ስለ ነበር ጎመኑን እንኳ አላየሁትም። አባቴ የመጀመሪያውን ችካል በሳማው መደብ ጫፍ ሊተክል ጐንበስ ካለ በኋላ ቀና ብሎ፥ ፀሐይ ሲሞቁ ወደ ተቀመጡት አያቴ ዞረ።

«እማዬ፥ በየት በኩል ይሁን?» አላቸው።

ስለዚያ መሬት አያቴን ሰው ሲጠይቃቸው ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር። እርሳቸውም ብዙ ሳያስቡ በምርኩዛቸው ወደ መንገዱ፥ ወደ ሰርዶው አመለከቱ። «ቤት ፍግ አይፈልግም» አሉ።

በሰርዶው በኩል የሚበቃው ቦታ ለአንድ ክፍል ብቻ ነበር። አባቴ ጥቂት ለካ፥ ከግንበኛው ጋር ተነጋገረና ሁለተኛውን ለሚመጣው ዓመት አቈየው። ለሚመጣው ዓመት ነው ያለው፤ ትቻለሁ አላለም። ክፍሉ አልቆ አሁን የሚኖርበት ሰው አለ፤ ማታ ማታ ከመደቤ አረም ስነቅል መብራቱ ያበራልኛል። ሰርዶው ከመሠረቱ ድንጋዮች መካከል ብቅ ማለቱን አይቻለሁ፤ ለአባቴ ግን አልነገርሁትም።

እንዶዱ ከጕቶው በመስከረም አምስት ቀንበጥ አውጥቶ ነበር። ሦስቱን የጎረቤት ፍየል በላቸው። ሁለቱ አድገው በጥር ወር እኔን አከሉኝ፤ የሚጠመጠሙበት ግን አልነበራቸውም፤ ምሰሶውን የጣልሁት እኔ ነኝና። ግንበኛው ሥራውን ጨርሶ የመወጣጫ አጣናውን ሲያነሣ አያቴ አንዱ እንዲቀር አዘዙና ጕድጓዱን እንድቈፍር እኔን ጠሩኝ። አጣናውን ተከልን፤ ሐረጉንም በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ላላ አድርገው ራሳቸው አሰሩት። እስካሁን ፍሬ አልያዘም።